የጫማዬ ነገር

በመቱ ከተማ ማስተማር በጀመርሁበት ክረምት ጫማዬ አልደርቅ አለ። ኢሉባቦር ዝናብ የሚበዛበት አገር ነውና ማታ ያወለቅሁትን ጠዋት እንደ ረጠበ አደርገዋለሁ። አንድ እሑድ የተማሪዬ ወላጆች ቡና ጠሩኝ፤ ጭቃው ምንጣፉን እንዳያበላሽ ጫማዬን ከደጃፉ አወለቅሁ። ወዲያው ሽታው የቡናውን መዓዛ አሸነፈው! ማንም ምንም አላለም፤ እኔ ግን በረካውን ሳልጠብቅ ወጣሁ።

ይህን ለቤት አከራዬ ብነግራቸው ሳቁና፣ «ልጄ፣ ሽቶ አይሸፍነውም፤ እርጥበቱን አውጣለት» አሉኝ። በማግሥቱ ከአሮጌ አቡጀዲ እንደ መዳፌ የሚሆኑ ሁለት ከረጢቶች ሰፋሁ፤ ከሰሉ እንዳያጠቁር ጨርቁን ደረብሁት። የተሰባበረ ከሰልና የደረቀ ጠጅ ሣር ሞልቼ አፋቸውን ሰፋሁና ማታ ማታ በጫማዬ ውስጥ አኖራቸው ጀመር። ከሰሉ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ እርጥበትና ሽታ ይይዛል፤ ጠጅ ሣሩ መዓዛ ይሰጣል። ፀሐይ በወጣች ቁጥር አሰጣቸዋለሁ።

ባልደረቦቼ፣ «መምህሩ ልብስ ሰፊ ሆነ!» ብለው ሳቁብኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ግን ሁለቱ መርፌዬን ተዋሱኝ። ደመወዝህ ለሁለተኛ ጫማ ያልበቃህ ወዳጄ ሆይ፣ መርፌ መያዝ አያሳፍርም። እኔም ወደዚያው ቤት ተመልሼ በረካውን ጠጣሁ።