ጽዋው ማን ጋ ነው?

ጋሼ ስልክ ሲደውሉ ከሰላምታ በፊት የሚያስቀድሙት ይህን ጥያቄ ነው። መልሱን ያውቁታል። የጽዋ ማህበራችን ሙሴ ናቸው፤ የተረኞቹን ዝርዝር በራሳቸው እጅ ጽፈው ጃኬታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ አኑረውታል። ቢሆንም ይጠይቃሉ። "የተፈተሸን ደግሞ መፈተሽ ማንን ጎዳ?" ይላሉ። ዕድሜያቸውን ሃንጋር ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸውና አልፈርድባቸውም።

ሰሞኑን መልሱ "እኔ ጋ ነው ጋሼ" ነው። ለሚመጣው ሚካኤል ተረኛዋ እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ጌሾ የነካ እጄን ሁለቴ ታጥቤ ሽታው አልለቅ ብሎኝ ነው።

ደብረ ዘይት ያደገ ሰው (ቢሾፍቱ ለምትሉም ያው ነው፤ እኛ ቤት ሁለቱም ስም ይሠራል) የጄት ድምፅ አያስደነግጠውም። ተማሪ ሳለን ጄት ሲነሳ መምህራችን ቃሉን ሳይጨርስ ይቆም ነበር፤ ድምፁ ሐይቁን ተሻግሮ ሲጠፋ ካቆመበት ፊደል ይቀጥላል። ማንም አይስቅም። የምንስቀው እንግዳ መጥቶ ጆሮውን ሲይዝ ነው።

አባቴ መካኒክ ነበር፣ የኤፍ-5 ስኳድሮን። "የአየር ኃይል ልጅ ነኝ" ስል ሰው ሁሉ "አባትሽ አብራሪ ነበሩ?" ይለኛል፤ "አይ፣ መካኒክ" ስል ፊቱ ላይ አንድ ነገር ቀዝቀዝ ይላል። ለምጄዋለሁ። ግን አንድ ሰው ሰማይ ላይ እንዲወጣ መሬት ላይ ነዳጅ የሚሞላ፣ ቦምብ የሚያስር፣ ፓራሹት የሚያጥፍ፣ ራዲዮ የሚፈትሽ ስንት ሰው እንደሚቆም ብታዩ ጥያቄውን ገልብጣችሁ ትጠይቁ ነበር። አብራሪው መሰላሉን ወጥቶ ሲቀመጥ ቀበቶውን የሚያጠብቅለት መካኒኩ ነው። ከመወንጨፊያ ወንበሩ ላይ የደህንነት ፒኖቹን ነቅሎ፣ ቀይ ጨርቃቸውን እያሳየ ይቆጥርለታል። ከዚያ መሰላሉ ይነሳል፣ ከጎማው ሥር ታኮው ይሳባል፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከዚያ በኋላ የመካኒክ ሥራ መጠበቅ ነው።

በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ጥሶ ሲገባ መጠበቁ ሌላ ነገር ሆነ። አሜሪካ መሣሪያ መስጠቷን አቁማለች፤ አውሮፕላኖቹ ግን የአሜሪካ ናቸው። መለዋወጫ ከየት ይምጣ? አባቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወራ "አንዱን ገፍፈን አንዱን አለበስነው" ይል ነበር፤ ሌላ ዝርዝር አያወጣም ነበር። እነዚያ ጥቂት ኤፍ-5ዎች የሶማሊያን ሚግ-21 እና ሚግ-17 ገጥመው ሰማዩን እንደያዙ መጽሐፉም ወሬውም ሞልቷል፤ የካቲት 26 የካራማራ ድል ሲታሰብ በየዓመቱ ይነገራል። እኔ መናገር የምፈልገው ከምድር ስላለው ሰዓት ነው።

ነዳጁ ለስንት ደቂቃ እንደሚያዘልቅ መካኒኩ ያውቃል። አውሮፕላኑ ሲነሳ ሰዓቱን አይቷል። ሁለት ወጥተው አንድ ሲመለስ ማንም ምንም አይልም፤ ሁሉም ሰዓቱን ያያል። ሚስት አታውቅም፣ እናት አታውቅም፣ አዛዡም ገና ራዲዮ ላይ ነው። መካኒኩ ግን ደቂቃዋ ስታልፍ ያውቃል። አውቆም ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ታኮውን በእጁ እንደያዘ እስኪመሽ ይቆማል። አባቴ ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

የስኳድሮኑ ሰዎች ማህበሩን የጀመሩት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው፣ አሥራ አራት ሆነው። ሁለቱ አብራሪዎች፣ የቀሩት የምድር ሰዎች። ለምን ሚካኤልን መረጣችሁ ብላቸው ጋሼ "ክንፍ ያለውን ብንይዝ ይሻላል ብለን" አሉኝ፤ ቀልድ ይሁን የምር እስካሁን አልገባኝም። ወር በገባ በ12 ተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ድፎው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ የነፍስ አባታቸው ይባርካሉ፣ በመጨረሻ ጽዋው በክብር ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። አንደኛው አባል ሙስሊም ናቸው፣ የትጥቅ ክፍል ሰው። ጽዋውን አይቀምሱም፤ ቡናና ቆሎ ይቀርብላቸዋል። ተራቸው ሲደርስ ጠላውን የምትጠምቅላቸው ጎረቤታቸው ናት፣ ድፎውን የምትደፋው ሚስታቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድም 12 አልቀሩም። ከክርስቲያኖቹ ይህን ደፍሮ ስለ ራሱ የሚናገር የለም።

ካህኑ ሁለት ዝርዝር ያነባሉ፤ የሕያዋንና የሙታን። ትንሽ ሳለሁ የማህበሩ ሥርዓት ከሌላው ማህበር የሚለየው እዚህ ላይ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከስኳድሮኑ ወጥቶ ያልተመለሰ አንድ አብራሪ አለ፤ ስሙን እዚህ አልጽፍም። አስከሬኑ አልተገኘም፣ ስብርባሪው አልታየም። ስሙ ግን በሕያዋን ዝርዝር ውስጥ ይነበባል። ሠልስት አልተቀመጠለትም፣ አርባ አልወጣለትም፣ ተዝካር አልተበላለትም።

ይህ ግትርነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለገሰ ተፈራን አስታውሱ። በዚያ ጦርነት ሚግ የጣለው አብራሪ፣ በኋላም ብርጋዴር ጄኔራል፣ ራሱ ተመትቶ በሶማሊያ እጅ ወደቀ፤ እስር ቤት 11 ዓመት ገደማ ቆየ። በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሲስማሙ ምርኮኞች ተለቀቁና አገሩ ገባ። ከተማው በደስታ አበደ ይላሉ። ማንም ጮክ ብሎ ያልተናገረው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ አንድ ሰው ከ11 ዓመት በኋላ ከተመለሰ የሌላውን ለቅሶ ማን ደፍሮ ይቀመጣል? የአንዱ መመለስ የሌሎቹን በር ሳይዘጋ አስቀረው። ደግሞ በግንቦት 1990 ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ አስመራ ላይ ተመትቶ ተያዘ። ቀደም ሲልም በሻዕቢያ እጅ ወድቆ የተመለሰ ሰው ነውና "ይህም ይመለሳል" ተባለ። የት እንደደረሰ በይፋ ሳይነገር ስንት ዓመት አለፈ፤ የጠፋበትን ቀን ቆጥሮ ሙት ዓመት ማለት ግን ለዚያ ትውልድ ሰው ክህደት ይመስለዋል።

የእኛ ስኳድሮን የጠፋው አብራሪ እናት በየወሩ ማህበሩ ላይ ይመጡ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሲገቡም ሲወጡም አባቴን ያዩታል። በዚያች ሰዓት ታኮውን ይዞ የቆመው እሱ እንደነበር ያውቃሉ። አንድ ቀን እንኳን አልጠየቁትም። አድጌ "ለምን አትነግራቸውም ነበር? ነዳጁ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አንተ ታውቃለህ" አልኩት። "ነዳጅ ሲያልቅ ሰው ያልቃል ያለሽ ማነው?" አለኝ። ተቆጥቶ ነበር። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። አሁን ካህኑ ሲያነቡ እናትየው በሙታኑ፣ ልጃቸው በሕያዋኑ ዝርዝር ውስጥ ናቸው።

ማህበሩ ስለ ፖለቲካ አያወራም። ተከልክሎ ሳይሆን ቢጀመር ማን ምን እንደሚነካ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ግንቦት 8 ቀን 1981 የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ሕይወታቸው አለፈ፤ በዓመቱ ግንቦት ጄኔራሎች ተረሸኑ። ከማህበሩ የታሰረ አለ፣ ያልታሰረ አለ፣ ለምን እንዳልታሰረ የሚጠረጠር አለ። አንድ ድፎ ላይ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ይቅር ተባብለዋል ብዬ አልዋሽም፤ አብረው ይበላሉ ነው የምለው።

በግንቦት 1983 ሁሉም ተበተነ። አንዳንዱ ወደ ጅቡቲ በረረ፣ አንዳንዱ ታጠቅ፣ አንዳንዱ ጦላይ ካምፕ ገባ። አባቴ ስንት ወር እንደቆየ ከእናቴ ነው የሰማሁት፤ እሱ "ትንሽ ቆይቼ መጣሁ" ነበር የሚለው። በዚያ ጊዜ ጽዋው ይቆማል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። አልቆመም። ባሎቻቸው በሌሉበት ሴቶቹ ተራውን ያዙ። ጌሾ መግዣ ባጡበት ወር በውኃና በቆሎ አሳለፉት፤ ካህኑም ባረኩት። ስለ ስኳድሮኑ የተጻፈ ነገር ባነበብኩ ቁጥር እነዚያን ሴቶች እፈልጋለሁ፣ አንድ መስመር እንኳን አላገኝም። መንግሥት ሠራዊቱን አፈረሰ፤ አምስት ሴቶችና አንድ ጋን ግን ስኳድሮኑን አላስፈረሱም።

አባቴ ሲመለስ የጄት ሞተር የሚያውቅ እጁ የወፍጮ ሞተር ጥገና ያዘ። ዱቄት ለብሶ ሲገባ "የመሬት ደመና" እንለው ነበር። በ1990 ጦርነት ሲመጣ ካሰናበታቸው ባለሙያዎች መንግሥት መልሶ ሲጠራ እሱም ተጠራ። እናቴ "አሁን ገና አስፈለግህ?" አለችው። ወፍጮውን ግማሹን ፈትቶ ጥሎ ሄደ። የወፍጮው ባለቤት እስካሁን ይወቅሰናል።

ባለፈው ዓመት ኦሃዮ ከሚኖሩት አባል አንድ ፎቶ መጣ። ዴይተን አጠገብ ካለው የአሜሪካ አየር ኃይል ሙዚየም ያነሱት ነው፤ መስታወት ውስጥ የተደረደሩ 80 የብር ዋንጫዎች። እንደ ፈረንጆቹ በ1942 በዱሊትል አዛዥነት ከመርከብ ተነስተው ጃፓንን የደበደቡት የ80ዎቹ አየርተኞች ናቸው። ስማቸው ዋንጫው ላይ ሁለት ጊዜ ተቀርጿል፤ አንዱ ዋንጫው ቆሞ ሲነበብ፣ አንዱ ተገልብጦ ሲነበብ። በየዓመቱ ተሰብስበው ላለፉት ይጠጡ ነበር፤ ሰው በሞተ ቁጥር ዋንጫው ይደፋል። ዱሊትል በተወለደበት በ1896 የታሸገ ኮኛክ ለመጨረሻ አስቀምጠው ነበርና በ2013 አራት ብቻ ሲቀሩ ሦስቱ ተገናኝተው ከፈቱት። የመጨረሻው በ2019 በ103 ዓመታቸው አረፉ። አሁን ሁሉም ዋንጫ ተደፍቷል።

እኔ እንባዬ መጣ። ስልኩን ለጋሼ ሰጠኋቸው፤ መነጽራቸውን አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ጽዋ ይደፋል እንዴ?" አሉ።

ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ሥርዓታቸው ነው፣ ክብር ነው አልኩ። "ገባኝ፣ ገባኝ" አሉ፤ ፊታቸው ግን አልገባውም። በእሳቸው ጆሮ የተደፋ ጽዋ ነውር ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ለአሜሪካኖቹ አደላለሁ። መጨረሻውን አስቀድሞ አይቶ ጠርሙስ ማስቀመጥ ድፍረት ይጠይቃል። የእኛዎቹ መጨረሻ ያለ አያስመስሉም፤ አባል ሲሞት ቦታውን ለልጁ ይሰጣሉ፣ ልጁ ካልፈለገ ለሚስቱ፣ እሷ ካልቻለች ጋሼ ራሳቸው ሁለት ተራ ይይዛሉ።

አባቴ ሲሞት ወንድሜ ውጭ አገር ነበር። "ሴት ልጅ ትተካ ወይስ አትተካ" በሚለው አንድ ሙሉ 12 ተከራከሩ። አንዱ "የስኳድሮን ማህበር ነው እንጂ የሴቶች ዕቁብ አይደለም" አሉ። ያኔ የትጥቅ ክፍሉ ሙስሊም ጋሼ የቡና ስኒያቸውን አስቀምጠው "በ83 ጽዋው ማን ጋ ነበር?" አሉ። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ዛሬ ጠዋት ሙሴው ደወሉ።

"ጽዋው ማን ጋ ነው?"

"እኔ ጋ ነው ጋሼ።"

"በይ ስሚ፤ ጠላው ቀጠን ይበል፣ ስኳርና ግፊት ያልያዘው የለም። ወንበሩ መደገፊያ ያለው ይሁን፤ ያለፈው ጊዜ በርጩማ ላይ አስቀምጠውን ሁለቱን በክሬን ነው ያነሳናቸው። ደግሞ ዝርዝሩን ለካህኑ አስቀድመሽ ስጪ፤ አዲስ ናቸው፣ ስሞቹን እንዳያምታቱ።"

"ሁለቱንም ዝርዝር?"

"ሁለቱንም። የሕያዋኑን በትልቅ ፊደል ጻፊው።"