የ‹‹ጀ›› ባርኔጣ

ወረቀትን በስልክ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ልብ ብላችሁት ታውቁ እንደሆነ፣ ሰርግ ላይ ሙሽራዋን እየሳቀ፣ እየተራመደ፣ አንዳንዴም እየጨፈረ የሚያነሳው ያው ሰው፣ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ፊቱ ስትዘረጋ ግንባሩን ቋጥሮ ይኮሳተራል። የቡናውን ስኒ ገፋ ያደርጋል (ጨርሶ ግን አያነሳውም፤ ስለዚህ ግማሽ ስኒ ከሥዕሉ ጥግ አትጠፋም)፣ ወረቀቱ እንዳይጠቀለል በግራ አውራ ጣቱ ይጫነዋል፣ ብርሃን ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ በመጨረሻም የራሱ ጭንቅላት ጥላ ቀድሞት ወረቀቱ ላይ ይጋደማል። እኔማ ከመልመዴ የተነሳ፣ ሰነድ ሲላክልኝ የላኪውን ስም ሳላይ በአውራ ጣቱ መለየት ጀምሬያለሁ።

ይህን ወግ ያመጣብኝም ጣት የገባባት አንዲት ፎቶ ናት። የሰፈራችን ዕድር አንዲት ገጽ ማስታወቂያ በኮምፒዩተር አስጽፎ፣ ማህተም አሳርፎ ለጠፈ። አንዱ አባል በስልኩ አነሳትና በቴሌግራም ለቀቃት፤ ሌላው ከዚያ ላይ ስክሪን ሾት ወሰደ፣ የስልኩ ሰዓትና ሊያልቅ የደረሰ ባትሪው ሳይቀር አብረው ገቡ፤ ሦስተኛው ደግሞ ያንን ቆርጦ ለጎረቤቱ አስተላለፈ፤ እኔ ዘንድ ስትደርስ ሰው ከሰው እጅ የተቀባበላት የአሥር ብር ኖት መስላለች። ሐሜት በዞረ ቁጥር ይሰፋል፣ ፎቶ በዞረ ቁጥር ይጠባል። ከጽሑፉ መሀል ያለችው ዐረፍተ ነገር ‹‹ኮሚቴው የዓመቱን ሒሳብ ደምሯል›› ትላለች። ወይም ‹‹ጀምሯል››።

እኛ ቤት ቡና ላይ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። ‹‹ደምሮ ከጨረሰማ ሪፖርቱ የታለ?›› የሚሉ በአንድ ወገን፣ ‹‹ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው እንዴ የሚጀምረው?›› የሚሉ በሌላ ወገን። ስልኩ ከእጅ እጅ ዞረ፤ እያንዳንዱ ተቀባይ በሁለት ጣቱ ይለጥጠዋል፣ ፊደሉ ይተልቃል፣ ሲተልቅ ይብስ ጭጋግ ይሆናል፤ ያኔ ባለ መነጽሮቹ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ መነጽር የሌላቸው ይዋሳሉ። ሁለተኛው ቡና ሲወርድ አንድ ልጅ ሮጦ ሰሌዳውን አይቶ መጣ። ‹‹ጀምሯል›› ነው።

መቼም የኛ ፊደል በጥቃቅን ነገር የሚተዳደር ነው። ‹‹ደ›› ላይ አንዲት ሰረዝ ስትጋደም ‹‹ጀ›› ትሆናለች፤ ‹‹ሰማ›› ባርኔጣ ቢደፋ ‹‹ሸማ›› ነው፤ ‹‹ቡ›› ወገቧ ላይ ያላትን ቅጥያ እግሯ ድረስ ብታወርደው ‹‹ቢ›› ትባላለች። እነዚህን ባርኔጣዎችና ቅጥያዎች ኮምፒዩተሩ የሚያያቸው በነጥብ ነው። በተለመደው 12 መጠን የተጻፈ ፊደል፣ ገጹ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው) ወደ ሥዕል ሲለወጥ ወደ 50 ነጥብ ያህል ቁመት ይደርሰዋል፤ በ72 ቢለወጥ ግን 12 ብቻ። በ12 ነጥብ ውስጥ እግር፣ ወገብ፣ አንገትና ባርኔጣ ይካፈሉ ሲባል፣ በባርኔጣውና በራሱ መካከል ላለው ክፍተት አንዲት ነጥብ ከተረፈች ዕድለኛ ነው።

ፒዲኤፍ የሚባለው ነገር ከኮምፒዩተር በቀጥታ የወጣ ከሆነ ይህ ችግር የለበትም። ውስጡ ያለው ሥዕል ሳይሆን ‹‹እዚህ ጋ ‹ጀ›ን ሣል›› የሚል ትእዛዝ ስለሆነ የፈለጋችሁትን ያህል ብትለጥጡት አይደበዝዝም። ወደ ሥዕል ሲለወጥ ግን እንደ ጣቃ ነው፤ ልኩ የሚቆረጠው አንዴ ነው፣ አሳጥረው ከቆረጡት በኋላ ቢጎትቱት አይረዝምም። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ሲቆረጥ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል፤ በ72 ሲቆረጥ 595 በ842። ታዲያ ለምን ይለወጣል ትሉኝ እንደሆነ፣ አንዳንዱ ማመልከቻ ተቀባይ ሥዕል ካልሆነ አልቀበልም ስለሚል፣ አንዳንዴም ጽሑፉ ፊደሉን ይዞ ስላልሄደ ተቀባዩ ዘንድ አማርኛው የባዶ ሳጥን ሰልፍ ሆኖ ስለሚደርስ ነው። ሥዕል ከሆነ በኋላ ቢያንስ ሳጥን አይሆንም።

ጄፔግ የሚባለው የሥዕል ፋይል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1992 ደረጃ ሆኖ የወጣው ለፎቶግራፍ ታስቦ ነው፤ ለፊት፣ ለሰማይ፣ ለሣር። ሥዕሉን 8 በ8 ነጥብ ወደሆኑ ትናንሽ መደቦች ይከፍልና በየመደቡ ዓይን አያየውም ያለውን ይጥላል። ሰማይ ላይ ማንም አያውቅበትም። ጥቁር ፊደል ነጭ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን፣ በጥራት ላይ ከተሰሰተ፣ ዙሪያውን እንደ ዝንብ የሚርመሰመስ ግራጫ ነገር ይሰፍርበታል። ቀለም ላይማ ከዚያም ይብሳል፤ የሰው ዓይን ከቀለም ይልቅ ብርሃንና ጥላን አጥርቶ ስለሚለይ፣ ጄፔግ ብዙውን ጊዜ ቀለሙን በስፋትም በቁመትም በግማሽ ቀንሶ ነው የሚያስቀምጠው። ደብዳቤው እየተነበበ ሐምራዊው ማህተም የእንጆሪ ጭማቂ የፈሰሰበት የሚመስለው ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ከደብዳቤው በፊት የምናየው ማህተሙን ነው። ለጽሑፍ ገጽ ፒኤንጂ ይሻላል፤ ፋይሉን ሲያሳንስ አንዲት ነጥብ አይጥልም።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ፤ አብዛኛውን ያስረዳችኝ አራት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ሰው መጥቶ ከስልኩ ላይ ጭጋግ ያሳያትና ‹‹እህቴ፣ ጥራቱን ጨምሪልኝ›› ይላታል፤ እሷም ሳትቆጣ ‹‹ከየት አምጥቼ?›› ትላለች። የደበዘዘን ፎቶ ፒኤንጂ አድርጊልኝ የሚልም አለ። ውኃ የበዛበት ወጥ ድስት ቢቀይሩለት አይወፍርም።

አንድ ቀን ተራዬን ስጠብቅ አንድ አዛውንት ገቡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ፌስታል፣ ከፌስታሉ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው አራት ቦታ የታጠፈ የትምህርት ቤት ምስክር ወረቀት አወጡ። ውጭ አገር ላለች ልጃቸው ሊልኩት ነው።

‹‹አባባ፣ ፒዲኤፍ ነው ጄፔግ?›› አለቻቸው።

‹‹የሚነበበውን አድርጊልኝ፣ ልጄ።››

ከዚያ የበለጠ የቴክኒክ መመሪያ አላጋጠመኝም። ልጅቱ መስተዋቱን እፍ አለችበት፣ በሹራቧ እጅጌ ጠረገችው፣ ወረቀቱን ስታስተኛው ክዳኑን እንደ ሌማት ክዳን ቀስ ብላ መለሰች። 300 ላይ አደረገችው፤ ከዚያ ትንሽ አሰበችና እጥፋቱን አይታ 600 አደረገችው። ሰውየው ስክሪኑ ላይ ‹‹ማህተሙ ገብቷል?›› ብለው አጎነበሱ። አጉልታ አሳየቻቸው፤ ከማህተሙ ክብ ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ ስክሪኑን እስክትሞላው ድረስ። ዝም ብለው ቆዩ፤ ያችን ፊደል በዚያ ግዝፈት አይተዋት አያውቁም መሰለኝ። ከኋላዬ የነበረው ወጣት ሰዓቱን አየ።

እኔ ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ የብራና መጻሕፍታችን ነገር ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉ ብራናዎች ገጽ በገጽ ማይክሮፊልም ላይ እየተነሱ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ድረስ ሄደዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዓመታት ሙሉ እዚያ ተቀምጠው በፎቶ ያነበቧቸውን መጻሕፍት ካታሎግ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ካሜራው ፊት የቆመው ሰው እጁ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ቢሆን ኖሮ፣ እሳቸው ሚኒሶታ ላይ ‹‹ደ›› ናት ‹‹ጀ›› እያሉ ሲከራከሩ ታዩኝ። ደግነቱ ግዕዝ ‹‹ጀ›› የለውም።

አዛውንቱ ከፈሉ። ልጅቱ ፋይሉን የጫነችበትን ፍላሽ ተቀበሉና ከምስክር ወረቀቱ ጋር ጋዜጣው ውስጥ፣ ጋዜጣውን ፌስታሉ ውስጥ፣ ፌስታሉን ኪሳቸው ውስጥ አደረጉት።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የምትልኩልኝ ወረቀት ካለ ቴሌግራም ላይ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩልኝ፤ በፎቶ ሲሆን አሳንሶ ነው የሚያደርሰው። አውራ ጣታችሁ ባይገባ ደስ ይለኛል፤ ቢገባም አልቀየምም፣ ሰላምታ ነው እለዋለሁ።