በሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ስለ መገጣጠሚያ መጫወቻዎች

ዕድሜው የገፋ ሰው በመጫወቻ ሲደሰት ቢታይ አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱም ያዝንለታል። እኔ ግን ከዕለት ሥራዬ በተረፈኝ ሰዓት ቍርጥራጭ ነገሮችን ገጣጥሞ አንድ ሙሉ ነገር ማውጣት ከወጣትነቴ ጀምሮ የማልተወው ልማድ ሆኖብኛል። ባለ ቅኔ ቃልን ከቃል፥ ሸማኔ ድርን ከማግ ሲያገናኝ የሚያገኘውን ደስታ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ልማዴን አይንቅብኝም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. በእጄ ገብተው ከገጣጠምኋቸውና ሲገጣጠሙ ካየኋቸው መጫወቻዎች መካከል እጅግ ደስ ያሰኙኝን አራቱን ከነምክንያታቸው ላቀርብ ወደድሁ።

የምኖረው በሞጆ ከተማ ነው። ሞጆ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ ወደ አዳማና ወደ ጅቡቲ የሚያልፈው መንገድ ወደ ሐዋሳ ከሚወርደው የሚለይባት ከተማ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጥንቱ ባቡር በዚሁ ያልፍ ነበር፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ በኩል ይመላለሳል። ደረቁ ወደብ በ2001 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ባሕር በሌለበት ምድር ወደብ መባሉ ለሰሚው እንቈቅልሽ ቢመስልም ነገሩ ቀላል ነው፤ በጅቡቲ ከመርከብ የወረደው ኮንቴይነር ሳይከፈት እስከዚህ ይመጣና ጉምሩኩ በዚህ ይፈጸማል። ቀዩ በሰማያዊው፥ ሰማያዊው በቡናማው ላይ ተደራርቦ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የአንድ ግዙፍ ልጅ መጫወቻ ጡቦች ይመስላል።

ነገሩ በመምሰል ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ሕጉም አንድ ነው። ቀድሞ የመርከብ ጭነት በጆንያ፥ በሣጥንና በበርሜል እየሆነ በሰው ትከሻ ይወጣና ይወርድ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የከባድ መኪናዎች ባለቤት በአንዲት መርከብ ላይ 58 የብረት ሣጥኖች ጭኖ ከኒዋርክ ወደ ሂውስተን ላከ። ከዚያ በኋላ መንግሥታትና ነጋዴዎች በመጠኑ ተስማሙ፤ ወርዱ 8 ጫማ፥ ርዝመቱ 20 ወይም 40 ጫማ ሆነ፤ በስምንቱም ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ብረት ተደረገለት። በዚህ ምክንያት በቻይና የተሠራው ሣጥን በጀርመን በተሠራው ላይ ይቀመጣል፤ በሞጆ ያለውም ማንሻ ሁለቱን ያለ ልዩነት ያነሣቸዋል። ለመገጣጠም አስቀድሞ በልክ መስማማት ያስፈልጋል ማለት ነው። እንግዲህ ወደ መጫወቻዎቹ እመለሳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የእንጨት ጡብ ነው። ፍሪድሪኽ ፍሮብል የተባለ ጀርመናዊ መምህር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ ለሕፃናት የጨዋታና የትምህርት ቤት ከፈተ፤ ለልጆቹም ‹‹ስጦታ›› ብሎ የጠራቸውን መጫወቻዎች አዘጋጀላቸው። ከእነዚህ ሦስተኛው ስምንት እኩል ኩቦች ሆኖ የተከፈለ አንድ የእንጨት ኩብ ነው። ልጁ መጀመሪያ ሙሉውን ያያል፤ ቀጥሎ ይበትነዋል፤ ወንበር ወይም ደረጃ ወይም በር ይሠራበታል፤ በመጨረሻም ሰብስቦ ሙሉውን ወደ ሣጥኑ ይመልሰዋል። ስመ ጥሩ አሜሪካዊ የሕንፃ ነዳፊ ፍራንክ ሎይድ ራይት በልጅነቱ በእነዚህ ጡቦች መጫወቱ ለሥራው መሠረት እንደ ሆነለት ጽፏል። እኔ ይህን መጫወቻ ከውጭ አገር አላስመጣሁትም። በሰፈራችን ያለ አናጢ ከበር ሥራ የተረፈውን የጽድ ቍራጭ በልክ ቈርጦ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ሰጠኝ። የከፈልሁት የእጁን ዋጋ ብቻ ነው። ከአራቱ መካከል ማንኛውም አባት ነገ ሊያገኘው የሚችለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ሜካኖ ነው። ይህ እኩል በተራራቁ ቀዳዳዎች የተበሳ ቀጭን የብረት ቍራጭ፥ ከቡሎንና ከዳዶ፥ ከዘንግና ከመዘውር ጋራ የሚገኝበት መጫወቻ ነው። ፍራንክ ሆርንቢ የተባለ የሊቨርፑል ሰው ለልጆቹ ክሬን ሲሠራላቸው ሐሳቡን አገኘ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን አስከበረ። የቀዳዳዎቹ ርቀት ግማሽ ኢንች ነው። ያ ልክ ስላልተለወጠ የአያት ብረት ከልጅ ልጅ ብረት ጋራ ይታሰራል። የሊቨርፑሉ ፋብሪካ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. ቢዘጋም አሮጌዎቹ ብረቶች እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። እኔም የያዝሁት አሮጌ ነው፤ አንድ ወዳጄ በአዲስ አበባ ከምናለሽ ተራ ከዛገ ቍልፍና ከአሮጌ ሚዛን መካከል ለይቶ ገዛልኝ። ብዙ ቍራጭ ይጐድለዋል፤ ቢሆንም ክሬን ሠራሁበት። ክር በመዘውር ሳዞር ክንዱ ተነሥቶ የክብሪት ሣጥን ሲያነሣ አየሁ፤ ሸክሙ በከበደ ጊዜ ደግሞ ክሬኑ በአፍ ጢሙ ተደፋ። በኋላው ላይ ድንጋይ ባሰርሁለት ጊዜ ግን ጸና። በወደቡ ያሉት ትልልቅ ማንሻዎች ከኋላቸው ለምን እንደዚያ ከባድ ሆነው እንደ ተሠሩ በቃል ቢነግሩኝ ኖሮ ይህን ያህል አይገባኝም ነበር።

ሦስተኛው ሌጎ ነው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የተባለ አናጢ በዴንማርክ አገር በቢሉንድ መንደር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። ሌጎ የሚለውም ስም ‹‹ደኅና አድርገህ ተጫወት›› ከሚል የአገሩ ቋንቋ የተወሰደ ነው። ዛሬ የታወቀው የፕላስቲክ ጡብ፥ በላዩ ጕብታ በውስጡ ክፍት ቱቦ ያለው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ተጠየቀለት። ጕብታው ከታችኛው ቱቦ ጋራ ሲገናኝ ያለ ሙጫና ያለ ምስማር ይያያዛል፤ የዚያ ዘመን ጡብም ከዛሬው ጋራ ይገጥማል። ቀለማቸው አንድ የሆነ፥ ስምንት ስምንት ጕብታ ያላቸው ሁለት ጡቦች በ24 መንገድ ይገጣጠማሉ፤ ሦስቱ በ1,060 መንገድ፤ ስድስቱ ግን በ915,103,765 መንገድ እንደሚገጣጠሙ የዴንማርክ የሒሳብ ሊቃውንት ቈጥረዋል። ስድስት ጡብ ከአንድ እፍኝ አይበልጥም፤ በእፍኝ የሚያዘው ነገር ይህን ያህል መልክ ካለው የልጅ አሳብ ያልቃል ብሎ የሚፈራ ማነው?

ከሌጎ ሥራዎች ሁለት ዓይነቱን ሞከርሁ። አንደኛው የእኅቴ ልጅ ከውጭ አገር ያመጣልኝ፥ መመሪያ የሌለው የተደባለቀ ከረጢት ነው። ሁለተኛው አንድ የአዳማ ወዳጄ ያገኘው የሜርስክ መርከብ ነው። ይህ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. የወጣ፥ 1,518 ቍራጭ ያለው፥ ከ18,000 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነሮች የሚሸከመውን እውነተኛ መርከብ የሚመስል ሥራ ነው። ሜርስክ ራሱ የዴንማርክ ኩባንያ ስለ ሆነ መርከቡና መጫወቻው የአንድ አገር ልጆች ናቸው። ከወዳጄ ጋራ አራት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ጨረስነው። አንድ ትምህርት አገኘሁበት፤ ከሥር አንዲት ቍራጭ ተረስታ እንደ ሆነ ከላይዋ ያለው ሁሉ ሳይፈታ አትገባም። በወደቡም ከታች ያለውን ኮንቴይነር የፈለገ ሰው አስቀድሞ የላዮቹን ማንሣት ግድ ነው፤ የአደራደር ዕውቀት ዋጋውም በዚህ ይታወቃል። ነገር ግን መርከቡ ካለቀ በኋላ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ከመታየት በቀር ሥራ የለውም። ከረጢቱ ግን በየሳምንቱ ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ በመርከቡ ብደነቅም የምወደው ከረጢቱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፥ ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ጥበብ ነው፥ የእኛስ ወዴት አለ? ቢለኝ፥ ወደ ላስታ እመራዋለሁ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው፥ ትርፉ እየተነሣ የወጡ ናቸው፤ በዋሻ ውስጥ ያለችው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግን እንጨትና ድንጋይ በተራ እየተደረደሩ፥ አንዱ ሌላውን እየያዘ የተሠራች ናት። እንዲህ ያለው አሠራር ከአክሱም ዘመን የመጣ ነው። የመገጣጠም ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

አራተኛው ምርጫዬ ከዚሁ ከአገር ቤት ነው፤ ይኸውም የሽቦ መኪና ነው። የሞጆ ልጆች ሽቦ አጣመው፥ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ ቈርጠው፥ ከቢጫ ጀሪካን ጋቢና አውጥተው፥ ቆርኪ መብራት አድርገው፥ በረዥም ሽቦ መሪ ቆመው ይነዱታል። ከሌላ ከተማ ልጆች የሚለዩት ተሳቢ ስለሚጨምሩበት ነው፤ ዐይናቸው ከማለዳ እስከ ማታ የሚያየው እርሱን ነውና።

በጎረቤቴ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ አለ። አባቱ በጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከቤቱ የሚያድርበት ሌሊት ከማያድርበት ያንሳል። በመጣም ጊዜ ደክሞ ይተኛል፤ ልጁም እንደ እንግዳ ሰው እያፈረ ከበር ይመለከተዋል። በዚህ ዓመት ልጁ ባለ ተሳቢ የሽቦ መኪና ሠራ፤ በላዩም የብስኩት ካርቶን በቀይ ቀለም ቀብቶ ኮንቴይነር ብሎ ጫነበት። እናቱ ሽቦው ግቢውን አበላሸ ብላ ልትጥለው ስታነሣው አባቱ ደረሰ። ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ ከዚያም ‹‹የተሳቢው ጎማ ጐድሏል፤ ይህን ሸክም በዚህ ብትጭነው አዋሽ ሳትደርስ ይሰበራል›› አለው። ልጁም ‹‹ስንት ነው ታዲያ አባዬ?›› ብሎ ጠየቀ። ሁለቱ በጥላው ሥር ተቀምጠው ተሳቢውን ፈቱት፤ አባት ጎማ ሲቈርጥ ልጅ ሽቦ ሲያጥፍ ዋሉ። ሸክሙ በእያንዳንዱ እግር ላይ እንዴት እንደሚከፈል፥ ቍልቍለት ላይ ምን እንደሚደረግ፥ አባት ስለ ሥራው ሲናገር ልጁ የሰማው ያን ቀን ነው። እናትየውም ቡና አፍልታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ አባቱ ከመንገድ ሲደውል ልጁ ስልኩን አይሸሽም፤ የሚጠይቀው አለውና።

እንግዲህ አራቱን በአንድነት ስመዝናቸው፥ የዋጋቸው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው፤ የሚያስተምሩት ግን ተቀራራቢ ነው፤ ልክን፥ ቅደም ተከተልን፥ ትዕግሥትን። በገበያ ተገዝቶ በባትሪ እየጮኸ የሚሮጠው መጫወቻ ሦስት ቀን ያስቃል፤ ባትሪው ሲያልቅ ሳቁም ያልቃል፤ ልጁ ተመልካች እንጂ ሠሪ አልነበረምና። ስለዚህ ለበዓል ለልጁ ስጦታ የሚያስብ ወላጅ ጥቂት የእንጨት ጡብ ከአናጢ ቢያስቈርጥለት መልካም ነው። አቅም ያለው መመሪያ የሌለውን ከረጢት ይምረጥ። የሽቦ መኪና በግቢው ያገኘ አባትም ከመጣሉ በፊት ተቀምጦ ጎማውን ይቍጠር፤ የጐደለም ካለ ከልጁ ጋራ ይሙላው።