ከቃታ በፊት መነጽር

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ውስጥ ስለ ጠመንጃ የማያወራ ጎልማሳ ማግኘት ይከብዳል። የትኛው አነጣጥሮ ይመታል፣ የማን አባት ምን ይዞ ነበር፣ የጥይት ዋጋ ዘንድሮ የት ደረሰ፤ ወሬው አያልቅም። ስለ መነጽር የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ሰውየው የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ የሚነግረው ዕቃ ከጨዋታው ውጭ ቀርቷል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው፤ ጠመንጃ ያለው ሰው ቀጥሎ ሊገዛው የሚገባው ዕቃ ሌላ ጠመንጃ ወይም ተጨማሪ ጥይት ሳይሆን ደህና መነጽር ነው። ደህና መነጽር ለመግዛት ደግሞ ሀብታም መሆን አያስፈልግም፤ በቁጥር አለመታለል ይበቃል።

መጀመሪያ መሬቱን እንይ። የደቡብ ጎንደር ምሥራቅ ለዓይን ሰፊ፣ ለእግር ግን አድካሚ ነው። በጨጨሆ አፋፍ፣ ከስማዳ ወደ በሽሎ በሚወርደው ገደል፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጉና ትከሻ ላይ የቆመ ሰው ወዲያ ማዶ ያለውን ተረተር ያየዋል። ከማዶ የሚጣራ ሰው ድምፁ ይሰማል። እሱ ዘንድ ለመድረስ ግን ገደል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ እንደገና ገደል መውጣት አለ። እንዲህ ባለ አገር ላይ ማዶ የሚንቀሳቀሰው ነገር ፍየል ነው ሰስ፣ ውሻ ነው ቀበሮ፣ ጉቶ ነው የተቀመጠ እረኛ የሚለውን ሄዶ ማረጋገጥ አይቻልም። ባሉበት ሆኖ መለየት የግድ ነው።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጉና ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖር እንደነበር ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የማይገኝ፣ መግደሉም የተከለከለ እንስሳ ነው። በግ የሚበላው ተራ ቀበሮ ግን ከሩቅ፣ በማለዳ ጭጋግ ውስጥ ሲታይ ቀለሙም ቁመናውም ሊያሳስት ይችላል። አደንም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ አይፈቀድም። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የመነጽር ትልቁ ሥራ ከመግደል ይልቅ መለየት፣ ማሳውን ከጭላዳና ከዝንጀሮ መጠበቅ፣ ዒላማ ላይ ጥይቱ የት እንዳረፈ ማየት ነው።

“ጠመንጃው ላይ የሚገጠም መነጽር ካለ ሌላ ለምን?” የሚል ይኖራል። በጠመንጃ መነጽር የሚያይ ሰው የሚያየው ነገር ሁሉ ላይ አፈሙዝ ያዞራል። ማዶ ያለው እንጨት የምትለቅም ልጅ ብትሆን፣ እሷን ለማወቅ ሲል ጠመንጃ ደግኖባታል ማለት ነው። ማየትና ማነጣጠር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችም ይፈልጋሉ።

እንግዲህ አንድ ከስማዳ ተነስቶ፣ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ አዲስ አበባ መርካቶ ድረስ መነጽር ፍለጋ የመጣ ገበሬ እናስብ። ሻጩ ከመስታወቱ ሥር አንድ የሚያብረቀርቅ፣ ሌንሱ ቀይ የሆነ መነጽር ያወጣል። ጎኑ ላይ “20–180×100” ተብሎ ተጽፏል።

“ጋሼ፣ ይሄ ጨረቃን ያወርድልሃል!”

“ጨረቃን ምን ላደርጋት? ሰስና ፍየል ለይቶ ያሳየኝ እንደሆነ ንገረኝ።”

የገበሬው ጥያቄ ትክክል ነው። መነጽር ላይ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። 8×42 ማለት ዕቃው 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊተኛው ሌንስ ስፋት ደግሞ 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ብዙ ገዢ የሚያየው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። ብልህ ገዢ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ያካፍላል። 42 ለ8 ሲካፈል 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ማለትም አውሬ በሚንቀሳቀስበት ሰዓት፣ የሰው የዓይን ብሌን ስለሚሰፋ ይህን ያህል ብርሃን ይፈልጋል።

አሁን ባለአንድ ዓይኑን፣ ማለትም ለዒላማ ተኩስ የሚመረጠውን ረጅሙን መነጽር እንመልከት። ብዙ ጊዜ 20–60×60 ይባላል፤ ከ20 እስከ 60 ጊዜ ያቀርባል፣ ሌንሱ 60 ሚሊ ሜትር ነው። 20 ላይ ሲሆን የብርሃኑ ክብ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 60 ሲዞር ግን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀራል። ምስሉ ይተልቃል፣ ይጨልማል፣ ይደበዝዛል። በርካሽ መነጽር ላይ ከ30 በላይ ያለው ቁጥር በአብዛኛው ለማስታወቂያ የተጻፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አየሩም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ፀሐይ ከፍ ስትልና መሬቱ ሲግል አየሩ ይርገበገባል፤ በበጋ ቀትር ላይ ወደ በሽሎ ቆላ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። መነጽሩ ዕቃውን ሲያቀርብ መርገብገቡንም አብሮ ያቀርባል። በእንዲህ ያለው ሰዓት ውዱም ርካሹም ከ20 ወይም ከ25 በላይ ብዙ አይረባም። መፍትሔው ቁጥር መጨመር ሳይሆን ማለዳ ወይም ወደ ማታ መመልከት ነው።

ለዒላማስ ስንት ይበቃል? የክላሽ ጥይት ቀዳዳ 7.62 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዒላማው ነጭ ወረቀት ከሆነ፣ 100 ሜትር ላይ ያለችውን ቀዳዳ ለማየት ንጹሕ ሌንስ ያለውና 20 ጊዜ የሚያቀርብ መነጽር ይበቃል። 200 ሜትር ላይ 30 ያስፈልግ ይሆናል። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ለጥራት እንጂ ለቁጥር መሆን አለበት።

ጥራት በሱቅ ደጃፍ ላይ ይፈተናል። የሚያስፈልገው አንድ ማስመሪያና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ የፊተኛውን ሌንስ በማስመሪያ መለካት። “100” ተብሎ ተጽፎበት ሌንሱ 50 ወይም 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በሌላው ቁጥር ላይም እምነት መጣል አይገባም።

ቀጥሎ መነጽሩን በክንድ ርዝመት አርቆ ወደ ብሩህ ሰማይ (በፍጹም ወደ ፀሐይ ሳይሆን) አዙሮ የዓይን ማሳረፊያውን መመልከት። በውስጡ የምትታየው የብርሃን ነጥብ ንጹሕ ክብ ከሆነች መልካም ነው። ጠርዟ የተቆረጠና ግራጫ ጥላ ያለባት ከሆነች ውስጡ ያለው ፕሪዝም ርካሽ ነው። በጥሩዎቹ ላይ “ባክ4” የሚባለው የፕሪዝም መስታወት ስም ተጽፎ ይገኛል።

ሌንሱ እንደ መስታወት ቀይ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ይለፍ። ያ ቀለም ብርሃን ይመልሳል፤ ወደ ዓይን መግባት የነበረበትን ይቀንሳል። ደህና ሌንስ ጠቆር ብሎ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ነጸብራቅ ያሳያል።

ከዚያ ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ውጭ ወጥቶ በሩቅ ያለ ጽሑፍ ማንበብ። ፊደሉ መሐል ላይ ጥርት ብሎ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቢደበዝዝ ችግር የለውም። መሐሉም ከደበዘዘ ግን ዕቃው አይረባም። መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ መነጽሩን ሳያወልቅ ይሞክር።

ከደርግ ሠራዊት ዘመን የቀረ 8×30 ወይም 7×50 የሶቪየት መነጽር የሚያገኝ ሰው አይናቀው። ውስጡ ሻጋታ ካልያዘውና ሁለቱ ዓይኖች አንድ ምስል ካሳዩ፣ ከብዙ አዳዲስ ርካሽ ዕቃዎች ይሻላል።

ብዙዎች የሚረሱት ማቆሚያውን ነው። 20 ጊዜ የሚያቀርብ መነጽር የእጅንም መንቀጥቀጥ 20 ጊዜ ያበዛል። ለባለአንድ ዓይኑ ጠንካራ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ አሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ድንጋይ ካብ ላይ አስቀምጦ ማስደገፍ ይቻላል። መነጽሩን ብቻ ገዝቶ በእጁ ይዞ የሚያይ ሰው የከፈለበትን ግማሽ አላገኘም።

ስለ ገንዘብ። ውጭ አገር በጀማሪ ደረጃ የሚገኙት ባለአንድ ዓይን መነጽሮች ለምሳሌ የሴልስትሮንና የስቭቦኒ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ያ ዋጋ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። “ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ያምጣልኝ” የሚለው መንገድም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ወፍ ለማየት የሚመጡ ቱሪስቶች ሳይቀሩ መነጽራቸው ቦሌ ላይ እንደሚያዝባቸው ይታወቃል። ከመግዛት በፊት ስለ ፈቃድ መጠየቅ ዕቃውን ከማጣት፣ ዘመድንም ከማንገላታት ይሻላል።

ለዚህ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። ንፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትወድቅ በሴቶች ላይ የደረሰውን ግፍ አገር ያውቃል። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ደግሞ ክልሉ ከተኩስ ድምፅ አላረፈም። ዛሬ አፋፍ ላይ ተቀምጦ በመነጽር ማዶ የሚያይ ሰው “ዝንጀሮ እየጠበቀ ነው” ብሎ የሚገምትለት አያገኝም። የአንዱ ወገን ቃፊር፣ የሌላው ጠቋሚ ተደርጎ ይታያል። ስለዚህ ታጣቂ በሚንቀሳቀስበት አካባቢ መነጽር ይዞ አለመውጣት ፍርሃት አይደለም። ማሳ ለመጠበቅ የሚጠቀምበት ሰውም ጎረቤቱና የቀበሌው ሽማግሌዎች እንዲያውቁ ቢያደርግ ይበጀዋል።

አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ይነሳል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያለፉት በዚሁ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ሠራዊታቸው ከአምባው ወደ አሮጌ ሜዳ ሲመለከት ጠባቂ የሌላቸው፣ ስንቅና ጓዝ የጫኑ የሚመስሉ በቅሎዎች አየ። ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን መርቶ ወረደ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት በቅሎዎቹ የጫኑት ለካ የተራራ መድፍና ሮኬት ነበር። ገብርዬ እዚያው ወደቀ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱም መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰዉ።

የዚያን ቀን ከአምባው ላይ በቅሎዎቹ ታይተዋል። ያልታየው ጭነቱ ነው። የትኛውም መነጽር፣ የመቶ ዶላሩም የሺህ ዶላሩም፣ ቅርጽ ያቀርባል እንጂ ትርጉም አያቀርብም። መነጽሩ የሚሰጠው ትልቅ ነገር ለመጠራጠር የሚሆን ጊዜ ነው። ጣት ከቃታ ርቆ፣ አፈሙዝ ወደ መሬት ዞሮ፣ ዓይን ብቻ ማዶ የሚሄድበት አንድ ደቂቃ። በዚያ ደቂቃ ውስጥ ጉቶ የመሰለው እረኛ ይንቀሳቀሳል፤ ቀበሮ የመሰለው የጎረቤት ውሻ ጅራቱን ይቆላል።

እንግዲህ በጀቱ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ሰው ባለሁለት ዓይን 8×42 ይግዛ፤ ለማሳ ጥበቃም ለከብትም ለመለየትም ይሆነዋል። ዋና ጉዳዩ ዒላማ የሆነ ሰው ሌንሱ 60 ወይም 65 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለአንድ ዓይን ከነማቆሚያው ይፈልግ፤ ቁጥሩንም 20 እና 30 መካከል አድርጎ ይጠቀምበት። 180 ጊዜ ያቀርባል የሚለውን ግን እዚያው መስታወቱ ሥር ይተወው።