ማን ምን ይላት ነበር?

የአባትን ዘር መቁጠር ብዙዎቻችን አያቅተንም። የአባታችን ስም ከስማችን ቀጥሎ ይጠራል፣ የአያታችን መታወቂያችን ላይ አለ፣ ቀሪውን ሽማግሌ ይሞላልናል። በእናት በኩል ግን የአያታችን እናት ላይ ስንደርስ ቆጠራው ቀጥ ይላል። "እሷማ... ማን ነበር የሚሏት?" ይባልና ጨዋታው ወደ ሌላ ይዞራል።

የሚገርመው፣ የእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ያገባች ሴት የራሷን የቤተሰብ ስም እንደያዘች ትቆያለች ይላል። በወረቀት እንዲህ ነው። በብዙ የገጠር ቤት ግን ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ አዲስ ስም ይወጣላት ነበር። ልጅ ስትወልድ ደግሞ "የእገሌ እናት" ትሆናለች። ክርስትና የተነሣችበት ስም ሌላ ነው፤ አባቷ ቤት ያደገችበት ስም ሌላ።

እንግዲህ ስለ አንዲት ቅድመ አያት ሦስት ዘመድ ጠየቃችሁ እንበል። አንዱ ደብሪቱ፣ ሁለተኛዋ የኔነሽ፣ ሦስተኛው ወለተ ኪዳን አሏችሁ። ወዲያው "ሰውዬው ሦስት ሚስት ነበረው እንዴ?" ማለት ይመጣል። ከዚያ በፊት ማን እንዲህ ይላት እንደነበር ጠይቁ። ደብሪቱ ያሏችሁ የወንድሟ የልጅ ልጅ ከሆኑ፣ ያ የአባቷ ቤት ስም ሊሆን ይችላል። የኔነሽ ያሉት በባሏ ወገን ከሆኑ አማቷ ያወጣችላት ይሆናል። ወለተ ኪዳን ያሉት ተዝካሯ ላይ የነበሩ ቄስ ከሆኑ ደግሞ የክርስትና ስሟ መሆኑ አያጠራጥርም። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ አንዲት ሴት ናት።

በቤተ መንግሥትም ያው ነበር። እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። እቴጌ ጣይቱ ወለተ ሚካኤል ናቸው። የእነሱን ጸሐፊ ስለያዘላቸው ማንም ሦስት ሰው አያደርጋቸውም። የገበሬዋን ግን የሚይዝላት ጸሐፊ አልነበረም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ስለሆነ ከቀበሌ ወረቀትም ብዙ አይገኝም።

አስቸጋሪው የአባቷ ስም ነው። በአጎቷ ወይም በእንጀራ አባቷ ቤት ያደገች ሴት በአሳዳጊዋ ስም ልትጠራ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ሐረጉ የማይገባበት ቤት ይገባል።

እዚህ ላይ የሚረዳን ርስት ነው። በጎጃምና በበጌምድር ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ከአባቷም ከእናቷም ርስት ትወርስ ነበር። መሬት የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት ጀምሮ እስከ ራሱ እየቆጠረ ይወርዳል፤ መሐል ላይ ሴት ካለች በእሷ በኩል ያልፋል። ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ያጠናው አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ያሳያል። ያን ጊዜ የቅድመ አያትን ስም ከነአባቷ መዘንጋት መሬት ሊያሳጣ ይችል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ጭሰኛው ከባለመሬት ተላቀቀ፤ በዚያው ግን ዘር ማስታወስ እንጀራ የሚያስገኝ ነገር መሆኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተወለድነው የእናቶቻችንን እናቶች የማናውቀው አንድም በዚህ ነው።

ስለዚህ በዕድሜ የገፉ ዘመድ ካላችሁ ጥያቄውን ለወጥ አድርጉት። "የአያትዎ እናት ስም ማን ነበር?" ስትሏቸው "እኔ እንጃ ልጄ፣ ልጅ ነበርኩ" ያሉ ሰው፣ "ያን የወንዝ ዳር መሬት በማን በኩል ነበር የያዛችሁት?" ስትሏቸው ቀና ብለው ይቀመጣሉ። በማን በኩል እንደመጣ፣ ማን እንደተከራከራቸው፣ ማን እንደመሰከረ ይዘረግፉታል፤ የጠፋችውም ሴት ከነአባቷ ከመሐል ትወጣለች። ታዲያ ለርስት ሲባል የተፈጠረ የዘር ቆጠራም አለና ሁሉን እንዳለ አትቀበሉ። ባላጋራ ሳይቀር ያልካደው ስም ካለ ግን ከማንም ወዳጅ ምስክር ይበልጣል፤ ቢክደው ይጠቅመው ነበርና።

መጻሕፍትም አሉ። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ስጦታ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ እነዚህን ያጠናው ዶናልድ ክረሚ ሴቶችን ሻጭ፣ ገዢ፣ ተከራካሪ ሆነው አግኝቷቸዋል። በቤት ያለ የብራና ዳዊት ላይም የባለቤቱ ስም፣ አንዳንዴም የወላጆቹ የክርስትና ስም ይገኛል። ብራናውን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ እዩት፤ መጽሐፉን በኋላ የያዘ ሰው የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን ጽፎበት ይሆናል። ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ በሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ቅጂ አለው።

ስም ካገኛችሁ በኋላ በዘመን ፈትኑት። ሽማግሌ በዓመተ ምሕረት ባይናገርም በክፉ ቀን፣ በአድዋ፣ በኅዳር በሽታ፣ በጣሊያን ጊዜ ይናገራል። በ1911 በኅዳር በሽታ ሰሞን ተወለደች የተባለች ሴት በ1928 ማይጨው ለዘመተ ሰው እናት ልትሆን አትችልም። ምናልባት በአያቷ ስም የተጠራች የልጅ ልጅ ትሆናለች።

ስትጽፉም አንዱን ስም መርጣችሁ ሌላውን አትጣሉ። ሁሉንም ከነተናጋሪው አስቀምጡ፦ ይህን ስም እገሌ በእናቷ ወገን ነገረችኝ፣ ይህን ቄስ እገሌ ነገሩኝ እያላችሁ። ያልተገኘውን ባዶ ተዉት። ባዶውን ቦታ ያየ ልጅ "ይቺስ ማን ናት?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ በግምት የተሞላውን ግን ማንም አይጠይቅበትም፣ እየገለበጠ ለልጁ ያስተላልፈዋል እንጂ።