ከኋላ የቀረው አደራ

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው፤ ወሩም ጥቅምት። ሦስት ወንድማማቾች ቅዳሜና እሁድን በብስክሌት ለማሳለፍ ከደሴ ወደ ሐይቅ ለመሄድ ሳምንቱን ሙሉ ስንመካከር ሰነበትን። የ13 ዓመቱ ታናሻችን ይህን በሰማ ጊዜ «እኔም እሄዳለሁ» ብሎ እናታችንን አላስቀምጥ አላት። እርሷም ብዙ ካመነታች በኋላ ፈቀደችለት። ቅዳሜ ማለዳ ለስንቅ ያዘጋጀችውን ጭኮ እየሰጠችን፣ «ልጆቼ፣ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው። ይህን ልጅ ከዓይናችሁ እንዳታርቁት» አለችን። እኛም «አብሽሪ እማ» ብለን ወጣን። ቃሉ ከአፋችን የወጣው ምን ያህል በቀላሉ እንደነበር ዛሬ ስናስታውሰው ያሳፍረናል።

ብስክሌቶቹን የተከራየነው ከሰፈራችን ነበር። ማርሽ ያላቸውን ሦስቱን ለራሳችን መረጥንና ማርሽ የሌለው ከባዱ ለታናሻችን ተረፈ። ይህ ልክ አይደለም ያለ ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በስተሰሜን የምትገኘው ሐይቅ ከተማ ግን ዝቅ ያለች በመሆኗ፣ ወደ እርሷ ሲሄዱ ቁልቁለቱ ይበዛል። በግራና በቀኝ የደረሰው አዝመራ፣ ፊት ለፊት ነፋሱ፣ ከእግር በታች የሚሮጠው አስፋልት ልባችንን በደስታ ሞላው። ሆኖም ቁልቁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍሬን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ስለሚያግለው፣ ያዝ ለቀቅ እያደረግን ወረድን። በዚህ ቀን ሁላችንም አብረን ነበርን፤ ቁልቁለት ደካማና ብርቱን አይለይምና።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከጎኗ ከተኛው ሐይቅ ነው። ስፋቱ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ባይኖረውም ውሃው ጨዋማ አይደለም። አመሻሹ ላይ ዳሩ ቁጭ ብለን ተራሮቹ በውሃው ውስጥ ሲጠቁሩ ተመለከትን። ሌሊቱን አክስታችን ዘንድ አደርን።

እሁድ ጠዋት ጉዟችን ወደ አርዲቦ ሆነ። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል የሚገኝ ሌላ ሐይቅ ሲሆን፣ መንገዱ አቀበትና ጠጠር የበዛበት ነው። እዚህ ላይ ጠባያችን ተለወጠ። ማን ቀድሞ ይደርሳል የሚል ፉክክር ሳናውቀው ገባን። አንዳችን ወደ ኋላ ዞር ብሎ «ልጁ የት ደረሰ?» ሲል፣ ሌላው «ይመጣል» አለ። «ይመጣል» የምትለዋ ቃል ቀላል ትመስላለች፤ አደራ የሚበላው ግን በእርሷ ነው።

አርዲቦ ከሚታይበት ጉብታ ስንደርስ ውሃው እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ብስክሌቶቻችንን ጥለን ሣር ላይ ተንጋለልን። ሩብ ሰዓት ጠበቅን፤ ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ ልጁ የለም። ያን ጊዜ የሐይቁ ውበት ከዓይናችን ጠፋ። ስልክ አልያዘም። ገንዘቡም፣ ስንቁም፣ ውሃውም እኛ ዘንድ ነበር። ቁልቁል እየበረርን ያገኘነውን ሁሉ ጠየቅን። በመጨረሻ እንስራ ያዘለች ልጅ ከመንገዱ ወጣ ያለ አንድ ጎጆ አሳየችን።

ታናሻችን ከአንድ ሽማግሌ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጦ የተጠበሰ በቆሎ እሸት ይበላል። ካቴናው ወልቆበት ሲታገል እጁ በግራሶ ጠቁሯል፤ አንዱ ጣቱም ተልጦ በጨርቅ ታስሯል። ሽማግሌው «አብሽሩ፣ ልጁ ደህና ነው» ብለው አረጋጉን። ለእኛም እሸት ካቀረቡልን በኋላ ቀስ ብለው «ታላቆቹ እናንተ ናችሁ? እኛ ጭነት ስንነዳ ደካማዋን አህያ ከፊት እናስቀድማለን። ከኋላ ከሆነች ስትወድቅ ማን ያያታል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ካቴናውን መለስን፤ ዙህርንም ከእርሳቸው ጋር ሰግደን ተሰናበትን።

በመንገድ ላይ ታናሻችን «ለእማ አልነግራትም» አለን። ይህ ከስድብ ይበልጥ ከነከነን። በልጅ ዝምታ ጥፋታችንን እንድንሸፍን መንገድ ተከፈተልን። ሐይቅ ከተማ እስክንደርስ ተከራከርን። አንዳችን «ደህና ከሆነ ለምን እናስጨንቃታለን?» ቢልም፣ በኋላ ግን ሁላችንም ተስማማን። ከዚያም የተሻለውን ብስክሌት ለታናሻችን ሰጥተን፣ ከፊት አስቀድመን የደሴን አቀበት ተያያዝነው። ሲደክመው ሁላችንም ወርደን እየገፋን ሄድን። ሲመሽ ግን ብስክሌቶቹን አይሱዙ ላይ ጭነን ገባን።

እናታችን በመጀመሪያ ያየችው የልጁን ጣት ነበር። እርሱ አፉን ሳይከፍት እኛ ሁሉንም ነገርናት። ረዥም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ጥላችሁት መሄዳችሁ አሳዝኖኛል። ብትደብቁኝ ግን ዳግመኛ አላምናችሁም ነበር» አለችን።

ወጣቶች ሆይ፣ ከታናናሾቻችሁ ጋር ስትወጡ ጥሩውን ብስክሌት ለትንሹ ስጡት፤ ውሃና ስንቁንም ለየራሳችሁ ተካፈሉ፤ በአቀበት ላይ ደካማው ከፊት ይሁን። ታናሻችን ዛሬ አድጎ አቀበቱን ከሁላችን በፊት ይወጣል። ትንንሾቹን የአክስታችንን ልጆች ይዘን ስንወጣ ግን ማንም ሳያዘው ሁልጊዜ ከኋላ የሚሄደው እርሱ ነው።