ከሆስፒታል በር እስከ ክፍል በር

ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ችግሩ እግሩ አለመሄዱ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ከጉዳቱ በታች ያለው አካል ስለማይሰማው፣ ሲቀመጥ ሥጋው መላላጡን አያውቅም፤ ሽንቱም በፈቃዱ አይወርድም። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ አብዛኞቹን ተጎጂዎች የሚገድላቸው የመኝታ ቁስልና የሽንት መስመር መመረዝ ነበር። ሉድቪግ ጉትማን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለእነዚህ ሕሙማን ክፍል ሲከፍት፣ በየ2 ሰዓቱ ቀንም ሌሊትም እንዲገላበጡ አዘዘ። በዚህ ብቻ አላበቃም፤ ሥራ ሰጣቸው፤ በ1948 ደግሞ 16ቱን ቀስት አወዳደራቸው።

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት ከዛፍ ወድቆ እንዲህ የሆነ የ8ኛ ክፍል ተማሪ አለ። (ይህን የምንጽፈው ልጁ ፈቅዶልን ነው።) ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው በተሽከርካሪ ወንበር አሰናበቱት። ከሆስፒታሉ እስከ ክፍሉ ያለውን መንገድ የያዘችው አንዲት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ናት፤ እዚያ ሶሻል ወርከሯ ይሏታል። የነርሷ ምክር፣ የወንበሩ ጥገና፣ የቀበሌው ደብዳቤ፣ የቤቱ ገቢ፣ ሁሉም በእሷ አንድ ደብተር ነው።

እናትየው ጸበል ሊወስዱት ቆርጠው ነበር። «ቆሞ ሳይሄድ የምን ትምህርት?» አሉ። አሁን ክርክር ሊነሳ ነው ብለን ጆሯችንን ቀሰርን። እሷ እቴ! «ይሂድ እማማ። እዚያ ግን ማን ያገላብጠዋል? ስፖንጁስ አብሮት ይሄዳል?» አለቻቸው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንድም ቁስል ሳያወጣ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርቱ የሚጠይቁት እናትየው ራሳቸው ሆኑ። እንዲህ ያለው ብልሃት በየትኛው ኮርስ እንደሚሰጥ እንጃ።

የክፍሉ ደጃፍ ሦስት ደረጃ አለው። ርእሰ መምህሩ «ለአንድ ልጅ ብለን ግንባታ አንጀምርም» አሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ማዘዙን በትሕትና ነገረቻቸው፤ ወዲያው ደግሞ ከወላጅ ኮሚቴው ሲሚንቶ ለመነች። እኛም ሜትር ያዝን። ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ደረጃዎቹ 45 ሴንቲ ሜትር ስለሆኑ መወጣጫው 5 ሜትር ከ40 ወጣ። ስሌቱን የሠሩት የክፍሉ ልጆች ናቸው። ስለ ሬሾ ካስተማርናቸው ሁሉ የገባቸው ይኸኛው ነው።

ልጁ ሽንቱን በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ራሱ በቀጭን ቱቦ ያወጣል። የጠዋቱ ፈረቃ ከ4 ሰዓት ስለማይበልጥ ጠዋት እንዲማር ተደረገ። በየግማሽ ሰዓቱም በእጆቹ ተደግፎ መቀመጫውን ከወንበሩ ማንሳት አለበት። ጓደኛው ያስታውሰው ብንል «በየጊዜው በሽተኛነቴ አይጠራብኝ» አለን። ምልክቱን ራሱ መረጠ፦ አስተማሪው ከጥቁር ሰሌዳው ዞር ብሎ ጠመኔውን ከፍ ያደርጋል፤ እሱም ከፍ ይላል፤ ማንም ልብ አይልም። ስንወጣ ይህንኑ ለክፍል ኃላፊው መምህር አስረከብን።

የመጸዳጃ ቤቱ በር ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር፣ ወንበሩ 65 ነው። በሩ የሚሰፋው በጀት ሲገኝ ነው ተባለ፤ ሠራተኛዋም በደብተሯ መዘገበችው። ነርሷ ውሃ አብዝተህ ጠጣ ትለዋለች። እሱ ግን ትምህርት ባለበት ቀን ጠዋት ውሃ አይቀምስም።